የካሜራዋ ክዳንና የልጅቷ ጥርስ

የእህቴ ልጅ ሁለቱ የላይኛ የፊት ጥርሶቿ በወለቁ ሰሞን ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣብኝ። አንዱ ትምህርት ቤት ወለቀ፤ ሌላው እቤት ዳቦ ስትገምጥ እዚያው ዳቦው ላይ ተሰክቶ ቀረ። ቆርቆሮው ላይ ወርውራው እየሳቀች ስትገባ ምላሷ በክፍተቱ ብቅ ጥልቅ ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ስ» ያለበት ቃል ሁሉ ከአፏ የሚወጣው በፉጨት ሆነ። «ሱሪዬ የታለ?» ስትል እናቴ ወጥ ማማሰሏን ትታ ትስቃለች።

የልጅቷ እናት ግን ይህን አላየችም። እናቷ ታናሽ እህቴ ናት፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ልጅቷን ጡት እንዳስጣለች ለእናቴና ለእኔ ሰጥታን ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ደሴን አልረገጠችም። አሠሪዋ ካሜራ ያለው ስልክ ለሠራተኛ አትፈቅድም። ስለዚህ እህቴ የያዘችው ቁልፍ ያላትን ያችን ትንሽ ስልክ ነው፤ አርብ አርብ ትደውላለች፣ ድምፅ ብቻ። ጥርሱ መውለቁን ስነግራት ሳቀች።

«ፎቶ አንሺልኝ» አለችኝ። «በወረቀት ይሁንልኝ። አፏን ከፍታ እየሳቀች። በላክሁላችሁ ካሜራ አንሺያትና በዚያችው ሴትዮ ላኪልኝ። ሳይበቅል ግን! ሳይበቅል አደራ!»

ሴትዮዋ እዚሁ ከደሴ አጠገብ የገራዶ ሰው ናት። እህቴ ባለችበት ከተማ ትሠራለች፤ ለፈቃድ ስትመጣ ካሜራዋን ያደረሰችልን እሷ ናት። ዒዱን ከዘመዶቿ ጋር አሳልፋ ትመለሳለች። እንግዲህ ሴትዮዋ ከመሄዷ በፊት፣ ጥርሱም ብቅ ከማለቱ በፊት አንዲት ፎቶ ማንሣት ነው። ይህ ምን ያቅታል? ካሜራው አለ፣ ልጅቷ አለች፣ ጥርሱ የለም። እኔም የመሰለኝ እንዲያ ነበር።

ካሜራዋ ትንሽዬ ዲጂታል ናት። ስትበራ ሌንሷ ከሆዷ ወጥቶ ይረዝማል፤ ስትጠፋ ተመልሶ ይገባል። የአሠሪዋ ልጅ ሰልችቷት ልትጥላት ስትል ነው እህቴ ለምና የወሰደቻት። የሌንሷ ክዳን ግን ከልጆቹ መጫወቻ መሀል ጠፍቶ ቀርቷል። እህቴ ሌንሱ እንዳይጫር በካልሲ ሸፈነችው፣ ካልሲውን በሻሽ ጠቀለለችው፣ ሻሹን በፌስታል ቋጥራ ላከችው። በስልክም፣ «ለሌንሱ ተጠንቀቁ፤ እሱ ከተጫረ በቃ፣ ካሜራዋ ሞተች ማለት ነው» አለች። ይህን ለእኔ ብትለኝ ምንም አልነበረም። የነገረችው ለእናቴ ነው።

እናቴ ከዕቃ ላይ ላስቲክ የማታነሣ ሴት ናት። የቴሌቪዥናችን ሪሞት ዛሬም ከነላስቲኩ ነው፤ ድምፅ ልጨምር ያለ ሰው ሦስቴ ተጭኖ፣ ሦስቴ አንኮሻኩሾ ነው የሚሳካለት። የሶፋው ላስቲክ ተቀዳዶ እንኳ አልተነሣም፤ በደሴ ብርድ ላይ ቁጭ ስትሉበት ውሃ ላይ የተቀመጣችሁ ነው የሚመስላችሁ። ፍሪጁ ዳንቴል ለብሷል፣ ዳንቴሉ ደግሞ እንዳይቆሽሽ በላዩ ላስቲክ ለብሷል። ካሜራዋን ቡፌ ውስጥ ከማንጠጣባቸው ብርጭቆዎች መሀል አስቀምጣ ቆለፈችባት። ቁልፉን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«እማዬ፣ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ አንስቼ እመልሳታለሁ» አልኋት።

«ያለ ክዳን ከዚህ አትወጣም።»

«ልጅሽ እኮ ናት አንሺ ያለችኝ!»

«ልጄ ናት ተጠንቀቁም ያለችኝ። ለምና ያገኘቻትን ዕቃ አንቺ በአቧራ ልትጨርሽያት! ወላሂ አትወጣም።»

እናቴ ወላሂ ካለች ነገሩ አልቋል።

ሰው ሁሉ «ስልክ የለሽም እንዴ?» ይለኛል። አለኝ! ያለኝ ስልክ ግን ኮምቦልቻ፣ የምሠራበት ክር ፋብሪካ ወለል ላይ ከተከሰከሰ ወዲህ የካሜራው መስታወት ተሰንጥቋል። አንዴ በሱ አንስቻት ፎቶ ቤት ወስጄ አሳተምሁት፤ ልጅቷ ከጉም ውስጥ የምትወጣ ጅኒ መስላ መጣች። የጎረቤት ስልክ ልዋስ ስል ደግሞ እናቴ፣ «በላክሁት ካሜራ ነው ያለችው፤ የሰው ቃል አትለውጪ» ትለኛለች። እህቴም ያቺ የለመነቻት ካሜራ ለልጇ ሥራ እንድትሠራላት መፈለጓ ይገባኛል። ስለዚህ ክዳን ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ እናቴ ራሷ ሞከረች። ክዳን ካልሽ እኔ እሠራልሻለሁ ብላ ኪሮሿን አነሣችና ነጭ ክብ ዳንቴል ሠራች፤ ጠርዙን በፀጉር ማስያዣ ላስቲክ አሰረችው። ሌንሷ ላይ ስታጠልቀው ካሜራዋ ኮፍያ ያደረገች ሕፃን መሰለች። ደስ አለን። ልጅቷ ጓጉታ ነበርና ዳንቴሉን ሳናወልቅ ማብሪያውን ተጫነችው። ሌንሱ ሊወጣ ገፋ፣ ዳንቴሉ ያዘው፣ ካሜራዋ ግርርር ብላ አቃሰተችና ጢጢጢ ብላ ጠፋች።

«ገደላችኋት!» ብላ እናቴ ደረቷን መታች። ዳንቴሉን አውልቀን ስናበራት እንደ ድሮዋ ሠራች፤ ምንም አልሆነችም። ግን ማን እናቴን ያሳምናት? ካሜራዋ ተመልሳ ተቆለፈባት።

በማግስቱ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው የደሴ ገበያ ወጣሁ። እዚያ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ባለጋሪው ያንዱን እግር ረግጦ ሌላው ላይ ይጮኻል። የመጀመሪያው ባለሱቅ የሌንስ ክዳን ስለው አንድ ፕላስቲክ ሳፋ ሙሉ ክዳን ዘረገፈልኝ። ሁሉም የትልልቅ ካሜራ ነው። ትንሹ እንኳ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ያህላል።

«ይሄ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ አንዱን አንስቶ።

«ለኔ አይሆንም። የኔ ካሜራ ትንሽ ናት።»

«ማስቲሽ ጠብ አድርጊበት፣ ይይዛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሌንስ ላይ ማስቲሽ? ታዲያ በምን ታያለች?»

«ፎቶ ስታነሺ ታላቅቂዋለሽ!» ብሎ ጭራሽ ተቆጣኝ። ደሜ ፈላ። ሳፋውን ትቼለት ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ነገሩን አስረዳኝ፤ እውነት ለመናገር የሚረባ ነገር የነገረኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለችው ካሜራ ሌንሷ ስለሚወጣና ስለሚገባ ክዳን ብቻ አያዋጣትም። መጀመሪያ አዳፕተር የሚባል ባዶ ቀለበት፣ እንደ አጭር ቱቦ ያለ፣ ሌንሷ ዙሪያ ይጠመጠማል። ሌንሷ እዚያ ቱቦ ውስጥ እንደ ልቧ ትወጣለች ትገባለች። የቱቦው አፍ ላይ ፊልተር፣ ማለት ክብ መስታወት ይታሰራል። ክዳኑ ፊልተሩ ላይ ነው የሚገጠመው። ሦስቱ ልክ ለልክ ካልሆኑ አንዱም አይሆንም።

«ታዲያ ስጠኛ!»

«የለኝም። ቢኖረኝም ካሜራውን ሳላይ አልሰጥሽም። ካሜራውን አምጪና እንለካው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ካሜራዋ ያለ ክዳን ከቡፌው አትወጣም። ክዳኑ ደግሞ ካሜራዋ ሳትመጣ አይገኝም። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እሱ ይምጣና እዚህ ይለካት» አለችኝ። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ቡፌ ሊለካ ይመጣል! አንጀቴ አረረ። በመጨረሻ እናቴ ቡፌውን ከፈተችልኝ፤ ካሜራዋ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ፣ እናቴ በትከሻዬ ላይ እየተነፈሰች፣ ሌንሷን ዙሪያውን በእስክሪብቶ ካርቶን ላይ ሣልሁት። ቀድጄ ይዤ ሄድሁ። ካርቶኑን የትም ሱቅ ሳሳይ፣ «ይሄ ምንድን ነው እህት፣ የድስት ማስቀመጫ ነው?» ይሉኛል። አዳፕተር ስል ደግሞ የሞባይል ቻርጀር ያወጡልኛል፤ አይደለም ስል ረዘም ያለ ገመድ ያለው ቻርጀር ያወጡልኛል። አንድ ሱቅ ብቻ ከካርቶኑ ጋር ልክክ ያለ ክዳን ሰጠኝ። እየበረርሁ እቤት ገባሁ። ክዳኑ ለካርቶኑ ልክ ነው፤ ለካሜራዋ ግን አይሆንም።

ዒዱ እየደረሰ ነው። ልጅቷን በየቀኑ «አፍሽን ክፈቺ» እያልሁ ድዷን አያለሁ። አንድ ቀን ነጭ ነገር የታየኝ መስሎኝ ክው አልሁ። የተጣበቀ ሩዝ ነበር።

ከዚያም ፋብሪካ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ሴት፣ ኮምቦልቻ ላይ ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው እንዳለ ነገረችኝ። ሱቁ በአሮጌ ካሜራ የተሞላ ነው አለችኝ። እቤት ገብቼ ለእናቴ ቁርጡን ነገርኋት። «ወይ ካሜራዋን ስጪኝ፣ ወይ ለልጅሽ ደውለሽ ፎቶው ቀረ በያት። እኔ በቃኝ! ጨርቄን ጥዬ ላብድ ነው!»

እናቴ የሻሿን ጫፍ ፈትታ ቁልፉን አወጣችና «እኔ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ» አለች።

ሄደች! ካሜራዋን በካልሲ፣ ካልሲውን በሻሽ፣ ሻሹን በፌስታል፣ ከዚያ ሁሉንም ጋቢዋ ውስጥ አቅፋ ሚኒባስ ተሳፈረች። ልክ እንደ አራስ ልጅ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በየመጠምዘዣው «ቀስ በል ልጄ፣ ዕቃ ይዣለሁ» እያለች ሹፌሩን አሰለቸችው። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ሕፃን መስሏቸው ኖሮ «ማሻአላህ፣ ወንድ ነው ሴት?» አሏት። እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ካሜራ ነው» አለቻቸው፤ ምንም ሳታፍር። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ከላይ ከደሴ ለብሰን የመጣነውን ሹራብ አስወለቀን፤ እናቴ ግን ካሜራዋ ላይ ያለውን ጋቢ አላነሣችም።

ባለቪዲዮው ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው። እናቴ ዕቃዋን ከማስረከቧ በፊት «ልጄ፣ እጅህን ታጠብ» አለችው። ሳቀና ታጠበ። ከመሳቢያው ብዙ ቀለበቶች አውጥቶ ሲሞክር፣ ሲሞክር፣ አንድ ጥቁር ቱቦ ጠቅ ብሎ ገጠመላት። ካሜራዋን አበራት፤ ሌንሷ ቱቦው ውስጥ ሳትነካካ ወጥታ ገባች። እናቴ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ወላሂ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጭቅጭቁ ገና ፊልተሩ ላይ መሆኑን ምን አውቄ!

«ይሄን ውሰዱ» አለና አንዱን መስታወት ብርሃን ላይ ያዘው። «ሻማ ስታነሺ፣ አምፖል ስታነሺ ኮከብ ይሆንልሻል። ለሠርግ እሱ ነው የሚፈለገው።»

«ሠርግ የለብንም። የልጅ ፎቶ ነው።»

«እንግዲያው ይሄን። ፊት ያለሰልሳል። ብጉር የለ፣ ጠባሳ የለ፣ ሁሉን ያጠፋልሻል።»

«ልጅ ናት እኮ የምልህ፣ የምን ብጉር! ደግሞ እንዲታይ ነው የምፈልገው እንጂ እንዲጠፋ አይደለም። ጥርሷ መውለቁ ይታይ! ምንም የማያደርግ ንጹህ መስታወት ስጠኝ።»

«ምንም የማያደርግ?» አለና አፈጠጠብኝ። «ምንም ካላደረገ ለምን ትገዢዋለሽ?»

«ለእናቴ!»

እናቴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «መስታወቱ ይጫር፣ የልጄ ሌንስ አይጫር» አለችው። «እሺ እማማ፣ እርስዎ ካሉ» ብሎ ከተበላሸ የቪዲዮ ካሜራ ላይ ንጹሁን ፈትቶ አመጣ። ያ ደግሞ ከቱቦው ጠበበ። በመሀል ሌላ ስስ ቀለበት ጨመረበት። ክዳኑ ከሌላ ካሜራ ነው፤ ላላ ስላለ እናቴ ክር ጠምጥማ አጠበቀችው። ሲያልቅ ካሜራዋ ከሰውነቷ ይልቅ አፍንጫዋ በለጠ። እንዴት አስቀያሚ ሆነች! ግን ክዳን አላት። ለዋጋው አልከራከርም፤ በዚያ ሰዓት ቀበቶውን ቢሸጥልኝም እገዛው ነበር።

ሐረጎን ወጥተን ደሴ ስንገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ አስፋልቱን አልብሶታል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ገብታለች። በሩ ላይ አቁሜያት ክዳኑን ሳነሣው ምን ልይ? ፊልተሩ ከውስጥ በኩል ላቦት ጨፍኖታል! የኮምቦልቻ ሙቀት ቱቦው ውስጥ ተዘግቶ መጥቶ፣ ደሴ ብርድ ሲያገኘው መስታወቱ ላይ ተንጠፈጠፈ። ልጅቷ በማሳያው ላይ ነጭ ጭስ ሆናለች። ልጠርገው ፊልተሩን ባዞረው አልፈታም አለ። በጨርቅ ያዝሁት፣ በጓንት ያዝሁት፣ በጥርሴ መያዝ ነው የቀረኝ። እናቴ «ተዪው፣ ትሰብሪዋለሽ» እያለች ትጮኻለች። «ይሰበር! ይሰበርና ሁላችንም እንረፍ!» አልሁ። ልጅቷ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ በንዴት።

እናቴ ካሜራዋን ከእጄ ወሰደችና ጡቷ ሥር፣ ልብሷ ውስጥ ከተተቻት። እራት እስክንበላ እዚያው ነበረች። ስታወጣት ላቦቱ ጠፍቷል። በማግስቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣችልን።

ልጅቷ ደግሞ አልስቅም አለች። ለካስ ትምህርት ቤት «ወላቃ» እያሉ አብሽቀዋታል፤ አርብ አርብ ከእናቷ ጋር በስልክ አላወራ ያለችውም ለዚህ ኖሯል፤ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ኮረኮርኋት፣ እንቢ። ሱሪ እገዛልሻለሁ አልኋት፣ እንቢ። ልቆጣት አፌን ስከፍት እናቴ ከኋላዬ መጣች። የእናቴ የፊት ጥርሶች ከወለቁ ቆይተዋል፤ ሰው ፊት ስትስቅ ሁሌ በሻሿ አፏን ትሸፍናለች። ያን ዕለት ሻሿን ወደ ኋላ ወርውራ ከካሜራዋ ጎን ቆመችና ድዷን ሙሉ ከፍታ ለልጅቷ አሳየቻት። «እኔስ? እኔ ወላቃ አይደለሁ?» አለቻት። ልጅቷ ፈንድታ ሳቀች። አነሣሁ። ማሳያው ላይ ሳየው የሁለቱ የጠፉ ጥርሶች ቦታ፣ ምላሷ፣ የዓይኗ መጨማደድ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ከዚያ የተሻለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ሜሞሪ ካርዱን ሰፈራችን ላለ ፎቶ ቤት ሰጠሁት። ሁለት አትምልኝ አልሁት፤ አንዱ ዐረብ አገር ለእናቷ የሚሄድ፣ አንዱ ለኛ። ሰኞ ጠዋት ይደርሳል አለኝ። የገራዶዋ ሴት ደግሞ ዒዱን አሳልፋ በዚያው ሰኞ ረፋድ ላይ ወደ አዲስ አበባ ትሳፈራለች። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለሆንሁ እናቴ ፎቶውን ተቀብላ በቀጥታ መናኸሪያ ልታደርስላት ተስማማን።

ከሥራ ስመለስ እናቴ ደስ ብሏት ጠበቀችኝ። «ሰጠኋት፣ በእጇ አስያዝኋት፣ ተሳፈረች» አለችኝ። የኛ ፎቶ ቡፌው ውስጥ ከካሜራዋ ጎን ከነፖስታው ተቀምጧል፤ በፕላስተር ታሽጓል።

«አላየሽውም እንዴ?»

«እጅ ይነካዋል ብዬ አልከፈትሁትም። የሷም እንደታሸገ ነው የሄደው።»

ከፈትሁት። እንዲያው በሞቴ፣ ምን እንዳየሁ ገምቱ። የእህቴ ልጅ ፏፏቴ ፊት ለፊት ቆማለች። ከኋላዋ ቀስተ ደመና አለ። ፊቷ እንደ ዱቄት ነጥቷል። አፏ ውስጥ ደግሞ ሙሉ፣ ነጭ፣ የተደረደረ ጥርስ!

እንዴት ፎቶ ቤቱ እንደደረስሁ አላውቅም። የሥራ ልብሴን አልቀየርሁም፤ ፀጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር።

«ጥርሱን ምን አደረግኸው?» አልሁት።

«ኤዲት አደረግሁልሽ» አለ፤ ደስ እንዲለኝ እየጠበቀ። «በነፃ ነው። እናቷ ወላቃ ሆና አይታት በሰው አገር ሆዷ እንዳይባባ ብዬ ነው።»

«ወላቃ መሆኗን ልታይ ነው እኮ የጠየቀችው! ለሱ ነው የተነሣችው!»

«አልነገርሽኝም።»

አልነገርሁትም። ፎቶን እንዳለ አትም ብሎ የሚናገር ሰው አለ እንዴ?

«ጥርሱን ከየት አመጣኸው?»

«ከኢንተርኔት። የሌላ ልጅ ነው።»

የሌላ ልጅ! ወደ ሴትዮዋ ደወልሁ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ባለፎቶ ቤቱ እያጉረመረመ ትክክለኛውን አተመልኝ፤ አተመልኝና ምን ያደርግልኛል? ማን ይዞት ይሄዳል? በዚያው ሳምንት ልጅቷ «አክስቴ፣ ድዴን በላኝ» አለችኝ። ብርሃን ላይ አዙሬ አየሁት። አሁን ሩዝ አልነበረም።

ካሜራዋን እንዳልወረውራት ቡፌው ተቆልፎ ነበር። ቱቦዋ፣ ፊልተሯ፣ ክሯ፣ ክዳኗ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ሌንሷ አልተጫረም። እናቴ የታሸገው ፖስታ ከተከፈተ ጀምሮ ቀና ብላ አላየችኝም፤ «ባየው ኖሮ» ብላ ጀምራ ትተወዋለች። ልቆጣት ፈልጌ አልሆነልኝም።

አርብ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

«ደረሰኝ» አለች። «አላህ ይስጥሽ። አድጋለች፣ አምሮባታል። ፏፏቴው የት ነው?»

«ፏፏቴ የለም። ፎቶ ቤቱ ነው የጨመረው። ስሚኝማ፣ ጥርሱንም እሱ ነው የሠራው፣ ወላሂ…»

«ተዪ፣ አታጽናኚኝ። በቅሏል። አየሁት እኮ። እኔ ሳልደርስበት በቀለ፣ ምን ይደረግ።»

«አልበቀለም እያልሁሽ! አሁን ጫፉ ብቅ አለ እንጂ…»

«ታዲያ በቅሏል ማለት ነው» አለች። «ልቤ እንዳይሰበር ብለሽ ነው። ይገባኛል። ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ቆንጆ ናት።»

የሌላ ልጅ ጥርስ ትራሷ ሥር አድርጋ፣ እኔን ውሸታም አድርጋ፣ ደግሞ ታመሰግነኛለች! ምን ብዬ ላስረዳት? ስልኩን ለልጅቷ አቀበልሁና እናቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ተከፍቷል።

«ኡሚ፣ ሰላም ነሽ?» አለች ልጅቷ። «አክስቴ ከሰኞ ገበያ ሱሪ ገዛችልኝ።»

ሰላሙም፣ ሰኞውም፣ ሱሪውም በፉጨት ወጣ።

«ምን ገዛችልሽ?» አለች እህቴ። ድምፅዋ ተለውጧል።

«ሱሪ።»

«ከየት?»

«ከሰኞ ገበያ።»

እህቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና ማልቀስ ሆነ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እናቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ከእህቴ ኋላ አንዲት ሴት በዐረብኛ ተጣራች፤ ደግማም ተጣራች፣ በቁጣ።

«መጣሁ» አለች እህቴ፤ ከዚያ ለልጇ፣ «አንዴ ብቻ ድገሚልኝ፣ ሰኞ ገበያ በይልኝ።»

ልጅቷ አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ ደገመችላት።